አባባ ተስፋዬን የተጫወቱት ሰው

ደብረ ታቦር ላይ ለተሰበሰበ ሕዝብ የቀረበ ንግግር

የተስፋዬ ሳህሉ ስም ሲጠራ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ዓይኑ ላይ የሚመጣበት አንድ ፊት ነው። እጃቸውን እያውለበለቡ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» የሚሉ ሽማግሌ። ማን ነበሩ ቢባል መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ የልጆች አባት፣ ተረት ነጋሪ። ተዋናይ ነበሩ የሚል ሰው ለማግኘት ግን ጥቂት መጠበቅ ያስፈልጋል። ያም ቢሆን «አዎ፣ ድሮ ቴአትርም ሠርተዋል» ብሎ በጎን ያልፈዋል።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ድሮ ቴአትር ሠርተው በኋላ ተረት ወደ መንገር የዞሩ ሽማግሌ አልነበሩም። ተዋናይ ነበሩ፤ ከተላበሷቸው ገጸ ባሕርያት ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ደግሞ አባባ ተስፋዬ የተባለው ነው።

ዕድሜያቸውን ማስላት ብቻ ይህን ያሳያል። ተስፋዬ ሳህሉ ባሌ ውስጥ በሰኔ 1915 ዓ.ም. ተወለዱ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ሰሞን ነው። ያን ጊዜ እርሳቸው ገና 41 ዓመታቸው ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለን ሰው ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ማንም አባባ ብሎ አይጠራውም፤ ጋሼ ነው የሚባለው፤ ጎረምሳ ከሆነ ጠሪው ያንንም ሊነሳው ይችላል። «የልጆች ጊዜ» የተባለውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ይዘው 42 ዓመት ቆዩ። የዕድሜያቸውን ግማሽ ያህል አንድ ሰው ሲጫወቱ አሳለፉት ማለት ነው። ሽምግልናው ካሜራ ፊት የመጣው ከራሳቸው ሽበት ቀድሞ ነበር።

እንዲህ ያለውን ተዋናይ ለመረዳት ደብረ ታቦር ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ መነሳት ይቀላል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በንጉሡ ላይ ተውኔት ጽፈዋል። ተዋናይ መሆን የሚያምረው የዚህ አገር ወጣት ሁሉ ሹሩባውን ተሠርቶ፣ ሽጉጡን ጨብጦ መቅደላ አፋፍ ላይ መቆም ይመኛል። ይመኝ፤ ያምርበታልም። ግን ከዚህ ከተማ አፍንጫ ሥር ያለችውን የንጉሡን የመድፍ መንደር ጋፋትን መድረክ ላይ ማምጣት የፈለገ አዘጋጅ ቴዎድሮስን ብቻ ይዞ የትም አይደርስም። ዋልድማየር ያስፈልገዋል፤ ወንጌል ሊያስተምር መጥቶ መድፍ ሥራ የተባለው ፈረንጅ፣ ብረቱ እምቢ ባለው ቁጥር የንጉሡን ፊት እየሰረቀ የሚያይ። ፊታውራሪ ገብርዬ ያስፈልገዋል፤ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ እንደሚወድቅ ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያውቅለት፣ እርሱ ግን የማያውቅ። ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ የሚጎትት ስም የለሽ ገበሬ፣ ጎተራዋን ለወታደር የከፈተች ባልቴት ያስፈልጉታል። ንጉሡ ንጉሥ የሚመስለው እነዚህ ሰዎች ሲፈሩት ነው። ከእነርሱ አንዱ ፍርሃቱን ካላሳመነ ዘውድ የጫነው ተዋናይ የቱንም ያህል ቢጮህ ልጅ ሆኖ ይቀራል።

መሪ ተዋናይ በየተውኔቱ ራሱን ይዞ ይመጣል፤ ተመልካቹም የሚከፍለው እርሱን ለማየት ነው። ገጸ ባሕርይ ተላባሹ ግን ዛሬ ዳኛ፣ ነገ ለማኝ፣ ከነገ ወዲያ የጠላ ቤት ባለቤት ነው። ሰዉ ሚናውን እያስታወሰ ስሙን ይረሳዋል። ለዚህ ሥራ መልክ ማማር ጥቅም የለውም፤ አንዳንዴም ይጎዳል። የሚያስፈልገው የሰውን አነጋገርና አረማመድ የሚሰርቅ ዓይንና ጆሮ ነው።

ተስፋዬ ሳህሉ ልጅነታቸው ከጦርነት ጋር ነው የተጋጠመው። ጣሊያን ሲወር አሥራ ሦስት ዓመት እንኳ በወጉ አልሞላቸውም። ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባ ላይ የቴአትር ሥራ እንደገና ሲያንሰራራ የማዘጋጃ ቤቱን የቴአትር ቡድን ከተቀላቀሉት ወጣቶች አንዱ ሆኑ። እዚያም የሙያቸው እጅግ አስቸጋሪ ፈተና ጠበቃቸው፤ ሴት መሆን።

በዚያ ዘመን መድረክ ላይ የሚወጣ ሴት አይገኝም ነበር። ብትገኝም ቤተሰቧ አይፈቅድም፤ አዝማሪ ሆነች ተብሎ ስሟ ይጠፋል። ስለዚህ ተውኔቱ ውስጥ ሚስት፣ እናት ወይም ሙሽራ ስትኖር ቀሚሱን የሚለብሰው ወንድ ነው። ወጣቱ ተስፋዬም ይህን ሚና በተደጋጋሚ ተጫውተውታል፤ ስማቸውም መጀመሪያ የታወቀው በዚሁ ነው።

ይህ ነገር የእኛ አገር ጉድ አልነበረም። በጥንቱ የግሪክ ቴአትር ሴቶቹን ሁሉ የሚጫወቱት ጭምብል ያጠለቁ ወንዶች ነበሩ። ሼክስፒር የዴዝዴሞናን ቃል የጻፈው ወንድ ልጅ እንደሚናገረው እያወቀ ነው። እንግሊዝ አገር ሴቶች በሕዝብ ቴአትር መድረክ ላይ መታየት የጀመሩት እርሱ ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1660 ገደማ ነው። ጃፓኖች ደግሞ በ1629 ሴቶችን ከካቡኪ መድረክ ካገዱ በኋላ ሴት መሆንን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የወንዶች ሙያ አደረጉት፤ እስከ ዛሬም አለ።

ቀሚስ አጥልቆ ሻሽ አስሮ መውጣት ማንንም አያቅተውም። አዳራሹ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ችግሩ የሚጀምረው ሰዉ መሳቅ ማቆም ሲገባው ነው። ሐዘንተኛ ሴት ነጠላዋን ስትደርብ ጥለቱ ወደ አንገቷ ነው የሚዞረው፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አደራረቡ መስቀለኛ ነው፤ ቡና ስታፈላ ደግሞ ጫፉ እሳት እንዳይነካው የምትሰበስብበት የራሷ መላ አላት። ይህን የማያውቅ ወንድ ነጠላውን እንደ ጋቢ ይጎትተዋል፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠች ባልቴት ሳትቀር ታውቅበታለች። እንስራ አዝላ ዳገት የወጣች ሴት ወገቧ እንዴት እንደሚሰበር፣ ክፉ ወሬ የሰማች እናት እጇ ወደ አፏ ከመሄዱ በፊት ዓይኗ የት እንደሚያርፍ፣ እነዚህን ሁሉ ያላስተዋለ ተዋናይ ሴት ሊሆን አይችልም። በዚያ ዘመን ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች የተማሩት ከመጽሐፍ አልነበረም። የቴአትር ትምህርት ቤት አልነበረም። የተማሩት ከእናቶቻቸውና ከጎረቤት ነው።

ሴቶቹ ራሳቸው ወደ መድረክ ሲመጡ፣ ክራር ደርዳሪዋ አስናቀች ወርቁም ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ስትሆን፣ ወንዶቹ ቀሚሱን አወለቁ። ማንም አልናፈቀውም፤ መናፈቅም አልነበረበትም። ሆኖም ሴት ሆኖ መጫወት ከተስፋዬ ጋር የቀረ አንድ ነገር ትቶ አለፈ፤ ከራስ ጋር ምንም የማይመሳሰል ፍጡር ሆኖ፣ ሳያላግጥ መናገር። ሌላውን ሰው እያላገጡበት መምሰል ቀላል ነው፤ አክብሮ መምሰል ነው ከባዱ። ኋላ ላይ ጅብና ጦጣ ሲሆኑ የጠቀማቸው ይኸው ነው።

እንስሳት የኢትዮጵያን ቴአትር የጀመሩት ከተስፋዬ ሳህሉ መወለድ በፊት ነው። ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም 1913 ዓ.ም. ገደማ «የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ሲያዘጋጁ፣ ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን የወሰዷቸውን የእንስሳት ተረቶች ነው መድረክ ላይ ያወጧቸው። አውሬዎቹ የሚያወሩት ግን ስለ አገሪቱ አስተዳደር ነበር። ታዳሚዎቹ መኳንንት ማን በማን እንደተመሰለ ለማወቅ አልተቸገሩም፤ ንግሥት ዘውዲቱም ቴአትር እንዲቆም አደረጉ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት የመጀመሪያውም የታገደ ተውኔት ሆነ። (ከላይ የተጠቀሰው ግርማቸው፣ የመጀመሪያዎቹን የቴዎድሮስ ተውኔቶች ከጻፉት አንዱ፣ የእኚሁ ሰው ልጅ ናቸው። አባት በአንበሳ ጀምረው ልጅ በመይሳው ቴዎድሮስ ቀጠሉ።)

ከዚያ በኋላ ዮፍታሔ ንጉሤን የመሰሉ ደራስያን ተማሪዎቻቸውን ይዘው መድረኩን መለሱት። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. መኮንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን መሠረቱ፤ ጣሊያን ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ ሕዝቡን በዘፈንና በንግግር ለማንቃት የታሰበ ነበር። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንጻ ተጠናቆ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተባለ። በ1948 ዓ.ም. የንጉሡ ሃያ አምስተኛ የዘውድ በዓል ሲከበር በቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው።

ተስፋዬ ሳህሉ የዚህ ቤት ሰው ሆኑ። «ዳዊትና ኦርዮን»፣ «ኦቴሎ»፣ «ሀ ሁ በስድስት ወር» ከተሳተፉባቸው ሥራዎች መካከል ይቆጠራሉ። ሦስቱን ብቻ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የአንድን ተላባሽ ተዋናይ የሥራ ስፋት ያሳያል። አንዱ መጽሐፍ ቅዱሳዊ የቤተ መንግሥት ተውኔት ነው፤ ንግግሩ ከመሬት ከፍ ያለ፣ አቋቋሙ እንደ ቅዳሴ። ሁለተኛው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ያመጡት ሼክስፒር ነው፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ግጥም። ሦስተኛው ከአብዮቱ ጋር የፈላ፣ የመንደር ሰው በመንደር ቋንቋ የሚጨቃጨቅበት ነው። በሦስቱም ውስጥ አንድ ሰው ተሰልፎ፣ በሦስቱም ከቦታው ሳይወጣ ሲገኝ ያ ሙያ ይባላል። ፖስተር ላይ ስሙ ከላይ ላይጻፍ ይችላል።

ከዚህ መሐል አንድ ነገር መዝለል አይገባም፤ ኮሪያ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ቃኘው የተባሉትን ሻለቃዎች በየተራ ላከች፤ በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ወታደር። አንድም ምርኮኛ አላስያዙም። ተስፋዬ ሳህሉም ወደዚያው ተሻግረው ለዘማቾቹ ጥበባቸውን አቅርበዋል። አዳራሽ ውስጥ ያለ ታዳሚ ትኬት ከፍሎ ስለገባ በትዕግሥት ይቀመጣል። ከምሽግ የተመለሰ ወታደር ግን ትዕግሥት የለውም፤ ወይ ወዲያው ይስቃል፣ ወይ ወዲያው ይተኛል። እንዲህ ያለ ታዳሚ ያሠለጠነው ተዋናይ ጊዜ አያባክንም። ከወታደር ቀጥሎ ለማሰልቸት የሚቀለው ታዳሚ ማን ነው ቢባል ልጅ ነው።

ቴሌቪዥኑ ሲጀመር ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ ሥርጭቱም ከአዲስ አበባና አካባቢዋ የማያልፍ ነበር። የጉና ተራራ ሥር ልጅ አባባ ተስፋዬን ለማየት ብዙ ዓመት መጠበቅ ነበረበት፤ ሲያያቸውም ብዙ ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ ወይም የደኅና ሰው ቤት በር ላይ ተጋፍቶ ነው። ለዚህ ልጅ ግን ያየው ነገር አዲስ አልነበረም። ያውቀዋልና። ክረምት ሲከርም፣ ጭጋጉ ከጉና ወርዶ በሩን ሲዘጋው፣ ምድጃው ዙሪያ ገብስ ቆሎ እየተቆረጠመ አያቱ የምታደርገው ይኸንኑ ነበር።

ፋርጣ ወይም ጋይንት ውስጥ ተረት የምታወራን አሮጊት ልብ ብሎ የሰማ ሰው የቴአትር ትምህርት አግኝቷል። አያ ጅቦ ሲናገር ድምፁ ከጉሮሮ ሥር ይወጣል፤ ቃሉን ይጎትተዋል፤ ሆዱ ቀድሞት የሚናገር ይመስላል። እመት ጦጢት ትቸኩላለች፤ አረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች፤ ተራኪዋም አንገቷን ሰበር ታደርጋለች። አህያዋ ስትመጣ ዝግታ ነው፤ ታስባለች፣ ትቆያለች፣ በመጨረሻም የሚያስበላትን ነገር ተናግራ ታርፋለች። ተራኪዋ ከቦታዋ አልተነሳችም። እጇ እንዝርቱን አልለቀቀም። ሦስት ገጸ ባሕርያት ግን በዚያች ጎጆ ውስጥ ገብተው ወጥተዋል፤ ሕፃኑ የጅቡ ድምፅ በመጣ ቁጥር ወደ እናቱ ይጠጋል።

አባባ ተስፋዬ ይህን የምድጃ ጥበብ ስቱዲዮ ውስጥ አስገቡት። መሸጋገሩ ቀላል አይደለም። ምድጃው ዳር ልጁ የተራኪዋን ጉልበት ይነካል፤ ስቱዲዮ ውስጥ ያለው መስታወት ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ታዳሚ ፈጠሩ፤ አጠገባቸው የሚቀመጡ ልጆችና ማዶ ያሉ ልጆች። አጠገባቸው ያለው ልጅ ሲስቅ ማዶ ያለውም ፈቃድ ያገኛል። ተረት ሊናገር የወጣ ልጅ በመካከሉ ሲጠፋበት ወይም አንገቱን ሲደፋ፣ ጎልማሳ ቢሆን ኖሮ የሚያፍርበት ዝምታ እርሳቸው ዘንድ የጨዋታው አካል ነበር። አንድ ቃል ያቀብሉታል፤ ልጁ ያነሳዋል። መድረክ ላይ የባልንጀራውን ቃል መርሳት ሸፍኖ ያለፈ ተዋናይ ብቻ ነው ይህን እንዲህ በቀላሉ የሚያደርገው።

ሁሉም ነገር የተዋጣ ነበር ማለት አይደለም። የተረቱ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ምክር አንዳንዴ ከተረቱ ይበልጥ ይከብዳል፤ ወላጆቻችሁን አክብሩ፣ ትምህርታችሁን ተማሩ። ምክሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን ከዚያ ዘመን ልጆች አብዛኞቹ ዛሬ የሚያስታውሱት ምክሩን ሳይሆን ጅቡን ነው። ተዋናዩ መምህሩን ይበልጠው ነበር።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ፕሮግራሙ ንጉሣዊውን ሥርዓት፣ ደርግንና ኢሕአዴግን አልፏል። በጥቁርና ነጭ ጀምሮ፣ በ1977 ዓ.ም. መባቻ የደርግ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ቴሌቪዥኑ ባለ ቀለም ሲሆን ቀጥሎ፣ እስከ 1998 ዓ.ም. ገደማ ዘልቋል። በዚያ ሁሉ ዘመን የቴአትር ሰዎች ቀላል ጊዜ አልነበራቸውም። «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ የታዩት ደበበ እሸቱ እንኳ፣ ያን ያህል ዝና ይዘው፣ ከምርጫ 97 በኋላ ከተቃዋሚው ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስረው በ1999 ዓ.ም. ነው የተፈቱት። የተክለ ሐዋርያት አንበሳና ቀበሮ ታገዱ፤ የአባባ ተስፋዬ አንበሳና ቀበሮ ግን ሦስት መንግሥት ሲለዋወጥ በቴሌቪዥን ቀጠሉ። ልዩነቱ ተረቱ ላይ አይደለም፤ ተራኪው ላይ ነው። የተክለ ሐዋርያት አውሬዎች የሚናገሩት በጎልማሳ አፍ ለጎልማሶች ነበር። አንድ ጉልበተኛ ጅብ ደካማዋን በሐሰት ከሶ ሲበላት፣ ይህን የሚያወራው አያት ከሆነና የሚሰማው ልጅ ከሆነ፣ ሳንሱር ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠውም ሰው ልጆቹን ይዞ ያዳምጣል። አባባ የተባለው ገጸ ባሕርይ ለተዋናዩ መጠለያም ሆኖ ነበር ብሎ መጠርጠር ከእውነት አያርቅም።

መጠለያው ግን ዋጋ አስከፍሏል። ገጸ ባሕርዩ ተዋናዩን ዋጠው። ሴት ሆነው የወጡበት ዘመን፣ የብሔራዊ ቴአትሩ ዓመታት፣ የኮሪያው ጉዞ ሁሉ ከአባባ ኮት ሥር ተሸፈነ። መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሰው፣ ጎልማሳም ቢሆን፣ ልጅ ሆኖ ነበር ሰላም የሚላቸው።

ደቡብ ጎንደር ይህን ዓይነት መዋጥ ከማንም በፊት ታውቀዋለች፤ አለቃ ገብረ ሐና የዚህ አገር ሰው ናቸውና። ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት እኚህ ሊቅ ዛሬ በአገሪቱ ሁሉ የሚታወቁት በቀልድ ነው። ስማቸው የተለጠፈበት ቀልድ ብዛቱ፣ አንድ ሰው ሁለት መቶ ዓመት ቢኖር እንኳ ተናግሮ አይጨርሰውም፤ ግማሹ ከሞቱ በኋላ የተወለደ ነው። ደብረ ታቦር ኢየሱስ ማኅሌት የቆመ ደብተራ ግን ሌላውን ገብረ ሐና ያውቃል። የተክሌ አቋቋም የሚባለው፣ መቋሚያው እንደ ጣና ሞገድ ወዲያና ወዲህ የሚልበት ዝማሜ፣ ከእርሳቸው የፈለቀና በልጃቸው በተክሌ ስም የተጠራ ነው፤ ጸንቶ የተስፋፋውም ከዚሁ ከደብረ ታቦር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በየዓመቱ ጥምቀት ላይ በሺሕ የሚቆጠር ካህን እግሩንና ትከሻውን በእኚህ ሰው ሐሳብ ያንቀሳቅሳል። ሕዝቡ ግን ስማቸው ሲጠራ የሚጠብቀው ሳቅ ነው። ቀልደኛው ገብረ ሐና ሊቁን ገብረ ሐናን ሸፈነው፤ አባባ ተስፋዬም ተስፋዬ ሳህሉን እንዲሁ።

ስለ አንድ ሰው ብዙ ገጽ መሆን ሲነሳ ወጋየሁ ንጋቱን ማለፍ አይቻልም። ደጋው ላይ ያለው ሕዝብ ቴአትር ቤት ሳይገባ ትልቅ ተዋናይ የሰማው በእርሱ ነው። የሀዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ግን መጽሐፉን ያነበበው በጆሮው ነው፣ ወጋየሁ በሬዲዮ ሲተርከው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ፣ ጉዱ ካሣ በምሬት ሲናገር፣ ሰብለ ወንጌል ድምጿን ዝቅ ስታደርግ፣ ከአንድ ጉሮሮ ነው ሁሉም የወጣው። አባይን ተሻግሮ ያለው የጎጃም መኳንንት ቤት እስቴ ወይም እብናት ላለ አድማጭ እንግዳ አልነበረም፤ እንደ ፊታውራሪው ያለ ሰው መንደሩ ውስጥ አይቷል። ቆይቶም የ1948ቱ ተወላጅ ፈቃዱ ተክለ ማርያም፣ መድረኩንም መጻሕፍትን በድምፅ መተረኩንም ያጣመረ ተዋናይ፣ ያንን መስመር ይዞ ሄደ።

ወጋየሁ ያደረገውና አባባ ተስፋዬ ያደረጉት በሙያ ዓይን ሲታይ አንድ ሥራ ነው። ልዩነቱ፣ ወጋየሁን ሰዉ ተዋናይ ብሎ መጥራት አልረሳም። ምክንያቱ ምናልባት የወጋየሁ ታዳሚ ጎልማሳ መሆኑ ነው። ለልጅ የሚሠራ ሥራ አገራችን ውስጥ እንደ ሙያ አይቆጠርም፤ እንደ በጎ አድራጎት ነው። ለልጆች የሚጽፍ ደራሲ ደራሲ ለመባል፣ ለልጆች የሚጫወት ተዋናይም ተዋናይ ለመባል ሌላ ሥራ መጨመር አለበት። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቡሄ ሲደርስ ደብረ ታቦር ላይ ሆያ ሆዬ የሚያወርደውን ልጅ ማየት በቂ ነው፤ የቤቱን ጌታ ገጽ አንብቦ፣ ሙልሙል ለማስወጣት ወይ እያወደሰ ወይ እየቆነጠጠ ግጥሙን የሚያዞረው ያ ልጅ፣ አዳራሽ የሞላ ጎልማሳ የማይችለውን ያደርጋል። ልጆች ጥበብን በቀላሉ አይቀበሉም። ማሳመን የማይችል ተዋናይ ፊት ለፊታቸው ይዋረዳል።

ተስፋዬ ሳህሉ ከፕሮግራሙ ከወጡ በኋላም የተረት መጻሕፍታቸው ከልጆች እጅ አልጠፉም። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። ፈቃዱ ተክለ ማርያም በዓመቱ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከኩላሊት ሕመም ጋር ሲታገል ቆይቶ አረፈ። በአንድ ቀን ሁለት ሙት ዓመት የሚታሰብበት ሙያ ሆነ።

የአባባ ተስፋዬ የቴሌቪዥን ሥራ ቢያንስ በከፊል በምስል ይገኛል፤ የሚፈልግ ያየዋል። የመድረኩ ተስፋዬ ግን ያለው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ገብቶ፣ ያች በነጠላዋ ዓይኗን የምትጠርግ ሴት ወንድ መሆኗን ሳያውቅ የወጣ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ ዘጠና አካባቢ ነው። በ1948 ዓ.ም. አዲሱን ቴአትር ቤት ያየውም ከሰማንያ ብዙ አይርቅም። ከደብረ ታቦር፣ ከአዲስ ዘመን፣ ከነፋስ መውጫ በዚያን ዘመን ለትምህርት፣ ለውትድርና ወይም ለቀን ሥራ አዲስ አበባ የወረደ ብዙ ሰው ነበር፤ ተመልሶም እዚሁ ያረጀ አለ። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ አባት ወይም እናት ያለው ሰው፣ ቴአትር አይተው ያውቁ እንደሆነ፣ ማን እንደተጫወተና ሰዉ የት ላይ እንደሳቀ ቢጠይቅና ስልኩ ላይ ቢቀዳው፣ ለኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ ማንም ሊሰጠው ያልቻለውን ምስክር ያገኛል። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ሥራ ቢይዙት መኪናም በጀትም አይጠይቅም፤ ቡና ለማስፈላትና ለመስማት የሚሆን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።